ማን ይዞት ገባ? በእስር ቤት የሚነሣ የባክቴሪያ ወረርሽኝ አመራመር ሲዳሰስ

በአንድ እስር ቤት ውስጥ ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ በድንገት ሲበዛ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ማን ይዞት ገባ?» የሚል ነው። ጥያቄው የሐኪም ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ተጠያቂነትን ያዘለ ነው። በሽታው ከደጅ ገባ ከተባለ ጣት የሚቀሰረው በታሳሪው ላይ ነው፤ እዚያው ተዛመተ ከተባለ ደግሞ በአሳሪው ላይ። በዚህ ዙሪያ የተከማቸው ማስረጃ ብዙ ቢሆንም ክብደቱ አንድ አይደለም፤ አንዱ የሚመልሰውን ጥያቄ ሌላው አይመልሰውም። ይህ ዳሰሳ ጥያቄው ከየት እንደ ተነሣ፣ ክርክሮቹ በምን ላይ እንደ ቆሙና የትኞቹ እስከ ዛሬ እልባት እንዳጡ ያያል። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ይነገር ከተባለ፣ ምርመራው ተሕዋሱን በመለየት እጅግ ተራቅቋል፤ የክፍሉን ስፋት፣ አየሩንና በሩ የሚቆለፍበትን ሰዓት መለካት ግን ዛሬም እንደ ትርፍ ሥራ ይታያል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳኞችን የገደለ ትኩሳት

በእንግሊዝ አገር የእስር ቤት ትኩሳት መነጋገሪያ የሆነው ታሳሪ ስለ ሞተ አልነበረም፤ ታሳሪማ ሁልጊዜም ይሞት ነበር። በ1577 በኦክስፎርድ ከተማ ከተሰየመ ችሎት በኋላ ዳኛና የችሎት ታዛቢ ሳይለይ 300 ያህል ሰው በሳምንታት ውስጥ አለቀ። በ1750 ደግሞ የለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ተራው ደረሰው፤ ከኒውጌት እስር ቤት ከቀረቡ ተከሳሾች ተነሣ በተባለ ትኩሳት የከተማዋ ከንቲባና ዳኞች ጭምር ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። እስር ቤቱ ይታይ የተባለው ይህን ጊዜ ነው። በዘመኑ እምነት በሽታ የሚመጣው ከክፉ ሽታ ስለ ነበር፣ ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ የነበረው ስቲቨን ሄልስ በኒውጌት ላይ በነፋስ ኃይል የሚሠራ አየር መለወጫ አስተከለ።

ጆን ሃዋርድ እስር ቤቶችን በአካል እየዞረ ከመረመረ በኋላ በ1777 ባሳተመው መጽሐፍ በስቅላት ከሚሞቱት ይልቅ በትኩሳቱ የሚሞቱት እንደሚበልጡ ጻፈ። በእርሱ ውትወታ በ1774 የወጣው ሕግ ግድግዳ በየዓመቱ ተፍቆ በኖራ እንዲቀባ፣ ክፍል እንዲናፈስ፣ ገላ መታጠቢያ እንዲዘጋጅ፣ ሐኪም እንዲመደብ ያዝዝ ነበር። ትኩሳቱ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው ታይፈስ ነበር፤ የቅማልን ሚና ሻርል ኒኮል ቱኒስ ውስጥ ያሳየው በ1909፣ ባክቴሪያው ራሱ የተለየውም ከዚያ በኋላ ነው። የሄልስ መሣሪያ ለቅማል የሚፈይደው ነገር አልነበረም፤ ገላ መታጠቡ ግን ይፈይድ ነበር። መላ ምቱ ስሕተት ሆኖ ከትእዛዞቹ አንዱ ትክክል መሆኑ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚገጥም ነገር ነው።

የሚቃረነው ምሳሌ ከጃቫ ይመጣል። የኔዘርላንድ ሐኪሞች የቤሪቤሪን በሽታ መንሥኤ ባክቴሪያ ነው ብለው ሲያስሱ ከቆዩ በኋላ፣ አዶልፍ ፎርደርማን የተባለ የጤና ተቆጣጣሪ በ1890ዎቹ ከ100 በላይ እስር ቤቶችንና 280 ሺህ ያህል ታሳሪዎችን ያካተተ ቆጠራ አደረገ። የተፈተገ ነጭ ሩዝ በሚቀርብባቸው እስር ቤቶች ከ39 ታሳሪዎች አንዱ ሲታመም፣ ቅርፊቱ ሳይገፈፍ በሚቀርብባቸው ግን ከ10 ሺህ አንዱ ነበር። ጉድለቱ የቪታሚን እንጂ የተሕዋስ አልነበረም። በግቢ ውስጥ አብሮ የታመመ ሁሉ ተላልፎበት ነው ማለት አይደለም፤ ዛሬም የመርማሪ የመጀመሪያ ሥራ በሽታውን ማረጋገጥ የሆነው ለዚህ ነው።

ወረርሽኝ ለማለት ስንት ሰው ይበቃል?

ወረርሽኝ ማለት በአንድ ቦታና ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ሕመምተኛ ሲገኝ ነው ይባላል። በእስር ቤት ግን «የሚጠበቀው» የሚለው ራሱ አጠያያቂ ነው። የኢትዮጵያን የቲቢ ጥናቶች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። በ2011 የታተመው የምሥራቅ ኢትዮጵያ እስር ቤቶች ጥናት ከ100 ሺህ ታራሚ 1,913 ሕሙማን ሲገምት፣ በ2012 የወጣው የሰሜን ጎንደር ጥናት 1,482 አለ፤ 13 የዞን ማረሚያ ቤቶችን ያየውና በ2015 የታተመው ደግሞ 458 ያህል። ልዩነቱ የቦታ ሊሆን ይችላል፤ የአሠራርም ሊሆን ይችላል። አክታ የሚመረመረው አብዛኛውን ጊዜ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ነው። ሳሉን የደበቀ ከቆጠራው ይወጣል፤ ለመደበቅ ደግሞ ምክንያት አያጣም፤ ተለይቶ መታሰር አለ፣ የክፍል ጓደኛ ፊት መንሣት አለ። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ባክቴሪያው በርከት ያለበት አክታ ሲሆን፣ በካልቸር ግን ጥቂቱም ይበቅላል። እነዚህን ቁጥሮች አሰልፎ «እዚህ ተሻሽሏል፣ እዚያ ብሷል» የሚል ሰው ምናልባት እያነጻጸረ ያለው መሣሪያዎቹን ነው።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ችግር አለ። በሽታው ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ከቆየ ከሚጠበቀው አይበልጥም፤ ካልበለጠም ወረርሽኝ አይባልም፤ ካልተባለም መርማሪ አይላክም። በ2023 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት በ2019 ብቻ 125,105 ታሳሪዎች በቲቢ እንደ ታመሙ፣ ከእነርሱም የተደረሰባቸው 53 ከመቶ ብቻ እንደሆኑ አስልቷል። አብዛኞቹ የታመሙት ማንም ወረርሽኝ ብሎ ባልጠራው ሁኔታ ውስጥ ነው። በሌላው ጫፍ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት አንድ ሕመምተኛ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ከተገኘ ሁለተኛውን መጠበቅ ስንፍና ነው፤ ቅማሉ ቆጠራ እስኪያልቅ አይታገሥም።

አካፋዩም አስቸጋሪ ነው። በማረፊያ ቤት ዛሬ ያሉት 500 ሰዎች ከወር በፊት የነበሩት 500 አይደሉም፤ ስለዚህ መቆጠር ያለበት ሰው ብቻ ሳይሆን ሰው የቆየበት ጊዜ ነው። ተፈትቶ ከወጣ በኋላ የታመመው ደግሞ በቀበሌው ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ እንጂ በእስር ቤቱ መዝገብ ላይ አይወጣም።

ሂዩስተን፣ 1989

ክፍሉን ራሱን የለካ ምርመራ ጥቂት ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በ1989 በአሜሪካ ቴክሳስ ሂዩስተን ከተማ በሚገኝ ትልቅ እስር ቤት ውስጥ በ4 ሳምንት 46 ታሳሪዎች በኒሞኮከስ ባክቴሪያ ሳቢያ በሳንባ ምችና በከባድ ኢንፌክሽን ታመሙ። ኒሞኮከስ በብዙ ሰው ጉሮሮ ውስጥ በሰላም የሚኖር፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ከመጡ ወዲህ ወረርሽኝ ያስነሣል ተብሎ ብዙም የማይጠበቅ ተሕዋስ ነው። የተለየው ዝርያ 12ኤፍ የሚባለው ነበር፤ ተራ ምርመራ ቢሆን ሥራው እዚህ ያበቃል።

መርማሪዎቹ ግን ሜትር ይዘው ገቡ። እስር ቤቱ የተሠራው ለ3,500 ሰው ሲሆን የያዘው 6,700 ያህል ነበር። ለአንድ ታሳሪ በአማካይ የሚደርሰው ወለል 34 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 3 ካሬ ሜትር ከጥቂት ነው። ከውጭ የሚገባውን አየር በየክፍሉ ለኩ፤ ሰው ከሚያስወጣው ትንፋሽ የሚጠራቀመውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም መዘገቡ። በሽታው የበዛው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ባለባቸውና ንጹሕ አየር ባነሰባቸው ክፍሎች ነበር። በ1994 የታተመው የዚህ ምርመራ ዋጋ ያለው የመጨናነቅን ክስ ከስሜት አውጥቶ ወደ መጠን በመቀየሩ ነው፤ የትኛው ክፍል፣ በስንት ካሬ ሜትር፣ በምን ያህል አየር የሚል። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ከተናቀ በኋላ የሄልስ አየር መለወጫ ለሌላ በሽታ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

በዚህ መንገድ የተከተሉት አሉ፤ ግን አብዛኞቹ በሞዴል ነው። በ2011 ስለ ደቡብ አፍሪካው ፖልስሙር እስር ቤት የታተመ ስሌት በጋራ ክፍል ለሚቆይ ታሳሪ በቲቢ የመያዝ ዕድሉ በዓመት እስከ 90 ከመቶ እንደሚደርስ ገምቷል፤ የአገሪቱ የራሷ የአያያዝ መስፈርት ቢከበር መተላለፉ በ30 ከመቶ፣ ዓለም አቀፉ ቢከበር በ50 ከመቶ እንደሚቀንስ። እነዚህ የስሌት ውጤቶች ናቸው፤ የሂዩስተኑ ግን በየክፍሉ ተገብቶ የተለካ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም።

እባጭ፣ ሳሙናና የሐኪም ክፍያ

በቆዳ የሚተላለፈው ስታፊሎኮከስ ሌላ መልክ አለው። ሜቲሲሊን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋመው ዝርያ ለረጅም ጊዜ የሆስፒታል ችግር ነው ሲባል ቆይቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ እስር ቤቶች ፈላ። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ እስር ቤት በ2002 ብቻ 928 ታሳሪዎች ቁስላቸው ላይ ተገኝቶባቸዋል። መጀመሪያ ታሳሪዎቹ የሸረሪት ንክሻ ነው ይሉ ነበር፤ እባጩ ቀይና መሀሉ የጠቆረ ስለሚሆን አባባሉ የሞኝ አልነበረም። የመግሉ ናሙና ላቦራቶሪ እስኪገባ ድረስ ግን ጥፋተኛዋ ሸረሪት ሆና ቆየች።

በጆርጂያ፣ በካሊፎርኒያና በቴክሳስ የተደረጉት ምርመራዎች በ2003 ተጠቃለው ሲወጡ የሰጡት ዝርዝር ከባክቴሪያው ስም በላይ ያስተምራል። ታሳሪዎች እባጫቸውን በጥፍርና በወረንጦ ያፈነዱ ነበር፤ ሳሙናና ፎጣ ይጋሩ ነበር፤ ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ የሚጠየቁት ክፍያ ያስቀራቸው ነበር፤ ቁስል የሚያጥበው ባለሙያና ፋሻው አይበቃም ነበር። ከውጭ የገባ ነው የሚለው ወገን እዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ አለው፤ ዝርያው ከእስር ቤቱ ውጭም በስፖርት ቡድኖችና በሰፈሮች ይገኝ ነበርና። ሆኖም መግባቱና መዛመቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጥፍር የተፈነዳ እባጭ ከውጭ አልመጣም።

ከወጥ ቤቱ እስከ ድብቁ ጠላ

የምግብ መመረዝ ለመርማሪ ቀላሉ ይመስላል፤ ሁሉም ከአንድ ወጥ ቤት ይበላል፣ ሰዓቱ ይታወቃል። በአሜሪካ ከ1998 እስከ 2014 በእስር ቤቶች 200 የምግብ ወለድ ወረርሽኞች 20,625 ሰዎችን አሳምመዋል፤ ታሳሪው ከውጭው ሰው 6.4 እጥፍ የበለጠ ተጋላጭ ነበር። ተደጋግመው የተገኙት ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስና ሳልሞኔላ ናቸው። የመጀመሪያው በትልቅ ድስት ተሠርቶ ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝ ምግብ ውስጥ የሚራባ ነው፤ ለሺህ ሰው የሚያበስል ወጥ ቤት ደግሞ ማቀዝቀዣው ከድስቱ ጋር አይመጣጠንም።

ፈተናው የሚመጣው ምግቡ የተከለከለ ሲሆን ነው። በ2011 በዩታ ግዛት እስር ቤት 8 ታሳሪዎች ጡንቻቸው እየዛለ በቦቱሊዝም ታመሙ፤ መንሥኤው በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በድብቅ የተጠመቀ አልኮል ነበር፤ ከማዕድ ተርፎ ለሳምንታት የቆየ የተጋገረ ድንች ገብቶበታል። በድንቹ ላይ ያለው የባክቴሪያው ዘር አየር በሌለበት ሙቀት ውስጥ መርዙን ያመነጫል። በ2016 በሚሲሲፒ ፌዴራል እስር ቤት በተመሳሳይ መንገድ 31 ሰዎች ታመዋል። ቦቱሊዝም ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ማግለል ትርጉም የለውም፤ የሚያስፈልገው ሌላ ማን እንደ ጠጣ በፍጥነት ማወቅ ነው። ይህን መናገር ግን በራስ ላይ የዲሲፕሊን ክስ መመሥረት ነው። መድኃኒት ያዘገየው ዝምታ ከሆነ፣ ዝምታውን ያመጣው ቅጣት የወረርሽኙ አካል ሆኖ መመዝገብ አለበት ባዮች አሉ፤ ቅጣት ካልቀረ ጠመቃው አይቆምም የሚሉም አሉ። በእኔ ግምት የመጀመሪያዎቹ ያመዝናሉ፤ የጠጣው ሰው ከዳነ በኋላ መጠየቅ ይቻላል።

በኢትዮጵያ ይህ የምርመራ ንድፍ ራሱ መለወጥ አለበት። ብዙ ታራሚ የሚበላው ከግቢው ወጥ ቤት ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብ ስንቅ ያቀብላል፣ ስንቅ የመጣለት ላልመጣለት ያካፍላል። እንደ ሌላው አገር እያንዳንዱን ሰው «ማክሰኞ ምሳ ምን በላህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። የተሻለው መለኪያ አብረው በአንድ ሳህን የሚቀርቡት ናቸው፤ የታመመው የየትኛው ማዕድ ሰው ነው፣ ስንቁስ በስንት ሰዓት ገብቶ በስንት ሰዓት ተበላ የሚለው። ምክንያት ተገኘ ብሎ ስንቅ መከልከል ደግሞ ለአስተዳደሩ ቀላሉ፣ ለታራሚው ግን ከባዱ ርምጃ ነው፤ የተከለከለው ምግብ ብዙ ጊዜ ከግቢው የተሻለው ነውና።

ዘረመሉ የሚናገረውና የማይናገረው

ዋናው ክርክር በቲቢ ላይ ነው። አንዱ ወገን እስር ቤት ድሮውንም ለበሽታ የተጋለጠውን፣ ድኻውን፣ ጫማ ጠራጊውንና ሱሰኛውን ሰብስቦ ያስገባል፤ ቁጥሩ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው ይላል። ሌላው እስር ቤቱ ራሱ በሽታውን ያራባል፣ ወደ ውጭም ይመልሳል ይላል። በ2008 የታተመው የምሥራቅ አውሮፓና የመካከለኛው እስያ አገሮች ትንታኔ ከሶቪየት መፍረስ በኋላ የእስረኛ መብዛት ከጠቅላላው ሕዝብ የቲቢ መጨመር ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል፤ ግን አገርን ከአገር የሚያነጻጽር ስለሆነ ማን ከማን እንደ ያዘ አይናገርም። በ2010 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በሀብታም አገሮች ከሕዝቡ ቲቢ 8.5 ከመቶ ያህሉ፣ በሌሎቹ 6.3 ከመቶ ያህሉ ከእስር ቤት ተጋላጭነት እንደሚመጣ ገመተ። እስር ቤቱ ያራባል ለሚሉት የተሻለው ማስረጃ ከብራዚል ማቶ ግሮሶ ዶ ሱል ግዛት የመጣው ነው፤ የእስርና የሕክምና መዝገቦች ሲገጣጠሙ ታሳሪዎች ሲገቡ የነበራቸው የቲቢ መጠን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 እጥፍ በላይ አደገ። ሲገቡ ይዘውት ቢሆን ኖሮ ከፍታው መታየት የነበረበት መግቢያው ላይ ነበር።

ሙሉ ዘረመል ማንበብ ሲቻል ክርክሩ የተዘጋ መስሎ ነበር። የአፍሪካ ቀንድን በቀጥታ የሚነካ ምሳሌ አለ። በ2016 በስዊዘርላንድ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በጥቂት ጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ ተገኘ፤ የአውሮፓ ላቦራቶሪዎች ሲጠያየቁ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያና ከሱዳን የመጡ 29 ሕሙማን በተለያዩ አገሮች አንድ ዓይነት ዝርያ ይዘው ተገኙ። የትውልድ አገራቸው የተለያየ ነው፤ የጉዟቸው ታሪክ ሲታይ ግን ብዙዎቹን የሚያገናኘው በሊቢያ ባኒ ዋሊድ የሚገኘው፣ ስደተኞች በደላሎች እጅ ታጉረው የሚቆዩበት ስፍራ ነበር። በዚያ ስፍራ ማንም መርማሪ ናሙና አልወሰደም። የመተላለፊያው ቦታ የታወቀው እግር ሳይረግጠው፣ በባክቴሪያውና በሕሙማኑ ቃል ብቻ ነው። በ2015 በአውሮፓ የታየው በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳትም ከዚያው መስመር የመጡ የቀንዱ ስደተኞች ላይ ነበር። ይህ በሽታ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በ1991 በተማረኩ ወታደሮች ማቆያም ተነሥቶ ነበር።

ሆኖም የዘረመል ዝምድና ጊዜንና አቅጣጫን በእርግጠኝነት አይሰጥም። የቲቢ ባክቴሪያ ቀስ ብሎ የሚለወጥ ስለሆነ የሁለት ሰዎች ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ቢሆን አንዱ ለሌላው ሰጠ፣ ወይም ሁለቱም ከማይታወቅ ሦስተኛ ሰው ያዙ ማለት ሊሆን ይችላል፤ በሽታው ለዓመታት ተኝቶ መቆየቱ ደግሞ ቀኑን ያደበዝዘዋል። ናሙና ያልሰጠው፣ ተፈትቶ የሄደውና የሞተው ከዛፉ ላይ የሉም። ጠባቂዎችም ብዙ ጊዜ አይመረመሩም። በኒውዮርክ ግዛት እስር ቤቶች በ1991 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከገደላቸው መካከል አንድ ጠባቂ ነበር፤ ማታ ወደ ቤቱ፣ ጧት ወደ ግቢው የሚመላለሰውን ሰው ትቶ የሚሣል የዝምድና ሐረግ ሙሉ ሊሆን አይችልም።

መርማሪው የማን ሠራተኛ ነው?

ኖርዌይ በ1988፣ ፈረንሳይ በ1994፣ እንግሊዝ በ2006 የእስር ቤት ሕክምናን ከእስር ቤት አስተዳደር አውጥተው ለጤናው ዘርፍ ሰጥተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ተብለው በ2015 የታደሱት ድንጋጌዎችም ለታሳሪ የሚሰጠው ሕክምና በውጭ ላለው ሰው ከሚሰጠው እኩል እንዲሆን ይጠይቃሉ። ደጋፊዎቹ ሐኪሙ ለአዛዡ ካልታዘዘ በሽታውን ቶሎ ያሳውቃል ይላሉ። ተጠራጣሪዎቹ በበኩላቸው የተቋም ለውጥ ብቻውን ክፍል አያሰፋም ይላሉ፤ የጤና ሚኒስቴር ሐኪምም ቁልፍ በእጁ የለም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ለውጡ ግልጽ ያደረገው የሪፖርትን መንገድ እንጂ የክፍሉን ስፋት አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥም የወረርሽኝ ቅኝት የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሥራ ሲሆን፣ ክፍሎቹና ቁልፎቹ በፌዴራልና በክልል ማረሚያ ቤቶች አስተዳደር እጅ ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይዞ ለመግባት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ተጠያቂነቱን ፍርድ ቤት ያደረሰው ዋነኛ ጉዳይ የዱድሊ ሊ ነው። ሊ ከ1999 እስከ 2004 በደቡብ አፍሪካው ፖልስሙር ፍርዱን እየጠበቀ ታስሮ ቲቢ ያዘው፤ በኋላ በነፃ ተለቀቀ፤ መንግሥትን ከሰሰ። የይግባኙ ፍርድ ቤት እስር ቤቱ ቸልተኛ መሆኑን ተቀብሎ፣ ሊ ግን ከማን እንደ ተያዘና ጥንቃቄ ቢደረግ ኖሮ እንደማይያዝ አላስረዳም በማለት ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። በ2012 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ይህን ሻረ፤ በሺዎች በታጨቀ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ያሳለበትን ሰው በስም እንዲጠራ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም በሚል መንፈስ።

ውሳኔው የተሰጠው ዘረመል ማንበብ በየላቦራቶሪው ገና ባልተለመደበት ጊዜ ነበር። አሁን የከሳሹ ባክቴሪያ ከክፍል ጓደኛው ባክቴሪያ ጋር አንድ ሆኖ ከተገኘ ማስረጃው ከሊ የጠነከረ ይሆናል። አንድ ሆኖ ካልተገኘስ? ናሙና የሚሰበስበው፣ የሚያከማቸውና የማንን አክታ ወደ ላቦራቶሪ እንደሚልክ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ እስር ቤቱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ዝምድና አለመገኘቱ በሽታው ከውጭ ገባ ማለት ነው ወይስ ናሙናው አልተላከም ማለት ነው? የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ይውደቅ ለሚለው የሊ ፍርድ ቀጥተኛ መልስ አልሰጠም፤ የላቦራቶሪ መመሪያዎቹም የተጻፉት ለክስ ታስቦ አይደለም።